ደወል ያልጣላቸው አይጦች

ሥራዬን የሚሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ አይጥ በድምፅ ይታመማል ወይ? አዎ፥ ይታመማል፤ ሁሉም ግን አይደለም። ከብዙዎቹ መካከል ጥቂቶቹ፥ ከወላጆቻቸው በወረሱት ነገር የተነሣ፥ ኃይለኛ ድምፅ አይችሉም። ደወሉ ሲጮኽ መጀመሪያ ባሉበት ይደርቃሉ፤ ቀጥሎ ግድግዳውን እየተላተሙ እንደ እብድ ይሮጣሉ፤ በመጨረሻም በጎናቸው ወድቀው እግሮቻቸው ይገተራሉ። ያን ጊዜ ደወሉ ወዲያው ይዘጋል። ትንሽ ቆይቶ እንስሳው ዓይኑን ይገልጥና፥ አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት የማያውቀው ከተማ እንደ ደረሰ መንገደኛ ዙሪያውን ይመለከታል። በሰው ላይ የሚጥል በሽታ የምንለው ነገር በአይጥ ላይ ሲታይ ይህን ይመስላል። ለበሽታው ይሆናል የተባለ መድኃኒትም ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት እንደነዚህ ባሉ አይጦች ላይ ይፈተናል።

እኔ ይህን ሥራ የምሠራው በአሶሳ፥ በአንድ የማስተማሪያ ተቋም ጓሮ፥ በማንጎ ዛፍ ሥር በቆመች ባለ ሁለት ክፍል የብሎኬት ቤት ውስጥ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ስመጣ ቤቲቱ ባዶ ነበረች። የመጀመሪያዎቹን አይጦች በካርቶን አስመጣናቸው፤ ደወል እየደወልን የሚወድቁትን ለየን፤ የወደቁትን እርስ በርስ አዋለድን፤ የልጆቻቸውንም ልጆች እንዲሁ። አባቴ ለዘር የሚሆነውን በቆሎ የሚመርጠው በዚሁ መንገድ ስለ ነበር ነገሩ አልከበደኝም። በውስጠኛው ክፍል የሽቦ ጎጆዎቻቸው በሦስት ረድፍ ተደርድረዋል። በውጭኛው ክፍል ደግሞ መፈተኛው ሣጥን አለ፤ ከተማው ውስጥ ያለ አናጢ ከእንጨት የሠራው፥ ፊቱ መስታወት፥ ውስጡ በፍራሽ ስፖንጅ የተለበጠ፥ ክዳኑ ላይ የትምህርት ቤት የኤሌክትሪክ ደወል የተገጠመለት ሣጥን ነው። ስፖንጁ የደወሉ ድምፅ ተራቸው ወዳልደረሰ አይጦች እንዳያልፍ ያግዳል።

አይጦቹን የሚንከባከቡት አንዲት ጎልማሳ የበርታ ተወላጅ ናቸው። የግቢው ሰው ሁሉ «ኻልቲ» ይላቸዋል፤ በዓረብኛ አክስቴ ማለት ነው። እርሳቸው እኔን «ኡስታዝ»፥ መምህር፥ ይሉኛል። አማርኛቸው በወንድና በሴት መካከል ያለውን ልዩነት ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ሥራ በጀመርን ሰሞን አንድ ማለዳ በሩ ላይ ጠብቀውኝ፥ በታላቅ ምስጢር፥ «ኡስታዝ፥ ይሄ ልጅ አርግዟል፤ ለብቻው ቤት ስጠው» አሉኝ። ሰጠሁት። አይጦቹን ሁሉ «ልጆቹ» ነው የሚሏቸው፤ እኔም በስብሰባ ላይ ሳላስበው እንዲያ ብዬ አውቃለሁ።

የቤቲቱ የመጀመሪያው ሕግ ጸጥታ ነበር። አንድ አይጥ ከፈተናው በፊት በሌላ ድምፅ ከወደቀ ለዚያ ቀን ከሥራ ውጭ ነው፤ አእምሮው ደክሞ ስለሚቆይ ደወሉ ከእንግዲህ አያስደነግጠውም። ስለዚህ የበሩን ማጠፊያ በየሳምንቱ ዘይት እንቀባለን፤ ቁልፎቹ እንዳይንሿሹ በጨርቅ ተጠቅልለዋል፤ ወደ ውስጥ የምንገባው በላስቲክ ነጠላ ጫማ ነው። ከሁሉም የከፋው ጠላታችን ግን ማንጎ ነበር። በቆርቆሮ ላይ የሚወድቅ የበሰለ ማንጎ ምን ያህል እንደሚጮኽ ከሥሩ ተቀምጦ ያልሠራ ሰው አይገምትም። በመሆኑም ወቅቱ ሲደርስ ከጣሪያው በላይ የተንጠለጠለውን ፍሬ ሁሉ ሳይበስል በረጅም ቀርከሃ እናወርደዋለን። ጥሬውን ማንጎ በጨውና በሚጥሚጣ መብላት የቻልኩት በዚህ ሳይንሳዊ ምክንያት ነው።

ስንፈትን የቆየነው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ፌኖባርቢታል፥ በየጤና ጣቢያው የሚሰጠው የቆየ መድኃኒት። ሁለተኛው በባምባሲ በኩል ሰዎች ለዚሁ በሽታ ቀቅለው የሚጠጡት የአንድ ቅጠል ጭማቂ፤ ሥራው ገና ስላላለቀና አንባቢ ድስት እንዳይጥድ ስለምፈራ ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ሦስተኛው ጥቂት ጨው ያለበት ውኃ ነው። ውኃው ምንም እንዳይሠራ የተመረጠ ነው። ውኃ የጠጡት ካልወደቁ፥ የሌሎቹ አለመውደቅ ምንም አይነግረንም።

የበላያችን ዲን የወሎ ሰፋሪዎች ልጅ ናቸው፤ ተወልደው ያደጉት ከአሶሳ ብዙም በማይርቅ የሰፈራ መንደር ውስጥ ነው። ደስታን የማይደብቁ፥ እንግዳ ሲመጣ ጤናቸው የሚሻሻል ሰው ናቸው። እኔን ግን ከመጣሁ ጀምሮ «መነኩሴው» ይሉኛል፤ ስትስቅ አላየሁህም ማለታቸው ነው። አንድ ቀን ቢሯቸው አስጠርተው ነገሩን በግልጽ አስረዱኝ። ሥራችንን የሚደግፈው ኮሚቴ ከአዲስ አበባ ሊመጣ ነው። የሚመሩት አንዲት የታወቁ የነርቭ ሐኪም ናቸው። በዓይናቸው አይተው ካላመኑ ድጋፉ ይቋረጣል። ያን ጊዜ ቤቲቱ የተሰባበሩ ወንበሮች መጋዘን ትሆናለች፤ የንብረት ክፍሉ ከጠየቃት ቆይቷል። አይጦቹም ይወገዳሉ።

ይህንኑ ለኻልቲ ስነግራቸው «ይወገዳሉ» የሚለው ቃል አልገባቸውም ነበር። ምን ማለት እንደ ሆነ አስረዳኋቸው። የያዙትን የውኃ ጠርሙስ ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ትንንሾቹም?» አሉ።

ትንንሾቹም አልኳቸው። የቀረውን ሥራ ትተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በማግስቱ ግን እንደ ወትሮው ጎጆዎቹን አጥበው፥ አዲስ ሰጋቱራ አንጥፈው ጠበቁኝ።

እኔም በበኩሌ ሊበላሽ የሚችለውን ሁሉ አስቤ ተዘጋጀሁ። መብራት ቢጠፋ ብዬ ባትሪ አዘጋጀሁ፤ ደወሉ ቢበላሽ ብዬ ሌላ ደወል ገዛሁ። ለዲኑም ነገሩን በአክብሮት አስታወስኳቸው፤ በክፍሉ ውስጥ ማንም ድምፅ እንዳያሰማ። እርሳቸውም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፥ «አያ መነኩሴ፥ አንተ አይጦችህን ጣላቸው፤ እንግዳው የእኔ ጉዳይ ነው» አሉኝ። በክፍሉ ውስጥ ማንም ትንፍሽ እንደማይል ቃል ገቡልኝ። ቃላቸውንም ጠብቀዋል፤ ይህን ልመሰክርላቸው ይገባል።

በቀጠሮው ዕለት ጠዋት፥ እንግዶቹ ከማረፊያቸው ሊነሡ ነው ተብሎ ሲደወልልን፥ ከኻልቲ ጋር ሆነን ለአይጦቹ ሁሉ የየድርሻቸውን በአፋቸው ሰጠናቸው። የላይኛው ረድፍ የጨው ውኃውን፥ መካከለኛው ፌኖባርቢታሉን፥ የታችኛው ቅጠሉን ወሰደ። መድኃኒቱ እስኪሠራ እንግዶቹ ይደርሳሉ ብዬ አስቤ ነበር፤ ስሌቱም ትክክል ነበር። ልክ ስንጨርስ ከዲኑ ዘንድ መልእክት መጣ። ነጭ ካፖርት የለበሰ ሁሉ ዋናው በር ላይ ይሰለፍ፤ ኻልቲም ከራስ እስከ እግር የሚጠመጥሙትን ብርቱካናማ ቶባቸውን ለብሰው አበባ ይያዙ። በሩን በእርጋታ ቆልፈን ሄድን።

በዋናው በር ያየሁትን አልጠበቅሁም። ከዲኑ እናት መንደር የመጡ የዕድር ሴቶች ነጭ በነጭ ለብሰው ተሰልፈዋል። አጠገባቸው የባህል ቡድኑ ልጆች ረጃጅም የቅል መለከቶቻቸውን ይዘው ቆመዋል። ዲኑ ከዚህ እዚያ ይመላለሳሉ። በሩ ከቤቲቱ በጣም ስለሚርቅ ምንም አልተጨነቅሁም፤ እንዲያውም ማማሩን አደነቅሁ።

ይሁን እንጂ ሌሊት ዘንቦ ስለ ነበር በዋናው በር ፊት ያለው መንገድ ጭቃ ሆኖ ነበር። አካባቢውን የሚያውቀው ሾፌር ጭቃውን ሲያይ መሪውን ጠምዝዞ በኋላ በር ገባ። የኋላው በር ደግሞ ቀጥታ የሚያወጣው ማንጎው ሥር ነው። ዲኑ መኪናውን በሩቅ ሲያዩ እጃቸውን አውለበለቡ፤ ሴቶቹም፥ መለከተኞቹም፥ ነጭ ካፖርት የለበስነውም ሁላችን ጭቃውን እየዘለልን ወደ ጓሮ ሮጥን። እንግዳ ያለ አቀባበል ከመኪና ሲወርድ ማየት በአሶሳ የሚቻል ነገር አይደለም። በጊዜው ደረስን። መለከቱ ተነፋ፥ እልልታው ቀለጠ። የመኪናው በር ተከፍቶ ከሁሉ በፊት የወረዱት ሽበታም ሴት ሐኪም መሆናቸው ሲታይ ደግሞ እናቶቹ እልልታውን እንደገና ከሥሩ ጀመሩት። ኻልቲ አበባውን ሰጡ። እኔም ከሰው ጋር አጨበጨብኩ።

ከዚያ ወደ ቤቲቱ ገባን። ማንም አልተነፈሰም። ዶክተሯ ወንበር አልፈለጉም ነበር፤ ኻልቲ ግን፥ «ዶክተር፥ አንተ እዚህ ቁጭ በል» ሲሏቸው፥ ያለ አንዳች ቅሬታ ተቀመጡ። እኔ አሠራሩን በአጭሩ አስረዳሁና ውኃ ከጠጡት መካከል አንዱን አውጥቼ ሣጥኑ ውስጥ አኖርኩት። «ይህኛው ይወድቃል» አልኩ። ደወሉን ለቀቅሁት።

አይጡ ደወሉን አዳመጠ። ከዚያም ተቀምጦ ፊቱን ይታጠብ ጀመር።

ሁለተኛውን አመጣሁ። እርሱም ያው። ሦስተኛው ጭራሽ ማዕዘን ይዞ ተኛ። ዲኑ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ሞልቶ፥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ መድኃኒቱ እንዲህ ፍቱን መሆኑን ለምን ሳልነግራቸው እንደ ቆየሁ ጠየቁኝ። እነዚህ ውኃ የጠጡት መሆናቸውን ነገርኳቸው። ከኮሚቴው አባላት አንዱ፥ የሒሳብ ሰው ይመስሉኛል፥ «እንግዲያው ውኃ ከበቃ ለምን ቅጠል ትፈጫላችሁ?» አሉ። ዶክተሯ አልሳቁም። ሰዓታቸውን አዩ። የእርሳቸው ሰዓት ማየት ለእኔ ምን ማለት እንደ ነበር አንባቢ ይገነዘባል፤ የተሰባበሩት ወንበሮች አንድ በአንድ ወደ ክፍሉ ሲገቡ ታየኝ።

ሦስተኛውን አይጥ ልመልስ ወደ ውስጠኛው ክፍል ስገባ ነው ጎጆዎቹን ልብ ብዬ ያየሁት። በላይኛው ረድፍ ያለው ሰጋቱራ በሽቦው እየሾለከ ወለሉ ላይ ተበትኗል። ጠርሙሶቹ ተንጋደው ውኃቸው ይንጠባጠባል። አይጦቹ ፀጉራቸው ረጥቦ፥ ከረጅም መንገድ የመጡ ይመስል ተዘርረዋል። መካከለኛው ረድፍ ኻልቲ ጠዋት እንዳነጠፉት ነው፤ አንድ ፍቅፋቂ ከቦታው አልተነቃነቀም። በታችኛው ረድፍ የፈረሰው አንድ ጎጆ ብቻ ነው። ክፍሉ በላይ በቆርቆሮ የተከደነ፥ መስኮቱ ደግሞ በማንጎው አቅጣጫ የተከፈተ ነው። የመለከቱ ዓይነት ወፍራም ድምፅ ለአይጥ ጆሮ እምብዛም አይሰማም፤ ቀጭንና ስለታም ድምፅ ግን፥ እንደ እልልታ ያለው፥ በቀጥታ ይገባዋል። ፈተናው እኛ ውጭ ስናጨበጭብ ተካሂዶ አልቋል። ዓይን አላየውም እንጂ ከዚህ የበለጠ የተሳካ ፈተና ሠርተን አናውቅም።

በመስኮቱ አሻግሬ ስመለከት እናቶቹ ማንጎው ሥር ተቀምጠው ለስላሳ ይጠጣሉ፤ የዲኑም እናት ከመካከላቸው ናቸው። እውነቱን ብናገር የእንግዳ አቀባበላቸውን በእንግዳው ፊት ማጣጣል ነው፤ ብተወው ቤቲቱ ትዘጋለች። ስለ ሳይንስ ሐቀኝነት ከዚያ በፊት ብዙ አንብቤ ነበር፤ ያነበብኩት ሁሉ በዚያች ደቂቃ አንድም አልረዳኝም። ወጥቼ፥ እጆቼን አጣምሬ፥ የሆነውን በሥርዓቱ ተናገርኩ።

ዲኑ፥ «የእናቴ እልልታ ነው የጣላቸው?» አሉ።

«አዎ ጌታዬ፤ ፌኖባርቢታል የወሰዱትን ግን አልጣለም» አልኩ። ለማጽናናት ያልኩት ነበር። የሒሳቡ ሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዲኑም ለመቆጣት የጀመሩትን ፊት መጨረስ አቅቷቸው ሳቁ። ዶክተሯ ግን ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ጎጆዎቹን ከላይ እስከ ታች፥ በየተራ፥ ሳይቸኩሉ አዩ።

«ሲወድቁ ያየ ሰው አለ?» አሉኝ።

«የለም፥ ዶክተር።»

«እንዳልከው መሆኑን አምናለሁ። የእኔ ማመን ግን ማስረጃ አይሆንም።»

በእርሳቸው ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ እል ነበር። በማግስቱ እርሳቸው ባምባሲ አጠገብ ወዳለው የስደተኞች ጣቢያ ክሊኒክ ሊሄዱ ነበር። አይጦቹ ሲያድሩ ይበረቱ እንደ ሆነ ጠየቁኝ፤ ይበረታሉ አልኳቸው። እንግዲያውስ ከመንገዴ በፊት አንድ ጊዜ አያለሁ፥ ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ጊዜ የለኝም አሉ። ከዚያም ወደ ዲኑ ዘወር ብለው፥ ነገ እንዳይቀበሏቸው በትሕትና ለመኗቸው።

ለዲኑ ከዚህ የከበደ ትእዛዝ ተሰጥቷቸው የሚያውቅ አይመስለኝም። በማግስቱ ማለዳ ስደርስ ግን የኋላው በር ላይ ብቻቸውን ቆመው አገኘኋቸው። ሰላም ስላቸው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ጥበቃውን በጥቅሻ ነበር የሚያዙት፤ በአጥሩ ጀርባ ሊያልፍ የነበረ ባጃጅ ደግሞ ራሳቸው ወጥተው በእጅ ምልክት ወደ ሌላ መንገድ መለሱት። ዶክተሯ ሲመጡ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ብቻ ተቀበሏቸው። የዲኑ እናት ከአንዲት ጎረቤታቸው ጋር መጥተው ነበር፤ ማንጎው ሥር በዝምታ ተቀምጠዋል። ለኻልቲ አንድ ጣሳ ማሽላ ሰጧቸው። ትናንት ላስደነገጥናቸው አይጦች ይሁን ማለታቸው እንደ ሆነ ኻልቲ በሹክሹክታ ነገሩኝ፤ ካሣውንም አጣጥለው ሳይሆን በሙሉ ክብር ተቀብለዋል።

በዚህኛው ጊዜ ዶክተሯ ነገሩን በእጃቸው አደረጉት። ሦስቱንም ዓይነት ራሳቸው ቀዱ፤ በጠርሙሶቹ ላይ ፕላስተር ለጠፉና የራሳቸውን ምልክት ጻፉ። የትኛው አይጥ ምን እንደ ወሰደ እኔም ኻልቲም አናውቅም። ጠበቅን። ማንም አልተናገረም። ከዚያ የመጀመሪያውን አይጥ ሣጥኑ ውስጥ አስገብቼ ደወሉን ለቀቅሁት።

ደረቀ። ሮጠ። ወደቀ።

አንድ ፍጡር ሲወድቅ አይቶ ደስ መሰኘት ተገቢ መሆን አለመሆኑን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ዛሬም የተረጋጋ መልስ የለኝም። በዚያች ቅጽበት ግን ደስ አለኝ፤ ኻልቲም እጄን ጨብጠው ያዙኝ። አይጡን አውጥተው በቶባቸው ጫፍ አቅፈው እስኪነቃ ድረስ በበርታ ቋንቋ የሆነ ነገር ያወሩት ነበር። ሁለተኛው ቆመ፤ ደወሉን ሰምቶ ጭራውን እንኳ አላወዛወዘም። ሦስተኛው ወደቀ። እንዲህ እያልን እስከ መጨረሻው ሄድን። ዶክተሯ ፕላስተሩን አንድ በአንድ ሲልጡ የወደቁት የጨው ውኃ የጠጡት ሁሉና ቅጠሉን ከወሰዱት ጥቂቶቹ ሆነው ተገኙ። ፌኖባርቢታል የወሰደ አንድም አልወደቀም፤ ቅጠሉም ከወሰዱት የሚበዙትን ጠብቋል።

ዶክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ክሊኒኩ ውስጥ መድኃኒቱ ባለቀ ቁጥር እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ባዶ እጃቸውን እንደሚመለሱ፥ ስለዚህም ቅጠሉ ሳያስቡበት የሚያልፉት ነገር እንዳልሆነ ነገሩን። ግን ብዙ ቀርቷል አሉ፤ መጠኑ አልታወቀም፥ ጉበት ይጎዳ አይጎዳ አልታየም። ንግግራቸው ወዴት እንደሚሄድ ለመገመት ፈራሁ።

«እንደገና ይፈተናል» አሉ በመጨረሻ። «ለመፈተን ደግሞ ይህ ቤት ያስፈልጋል። ወንበሮቹን ሌላ ቦታ ፈልጉላቸው።» የመጋዘኑን ነገር ከዲኑ ሰምተው ኖሯል።

ኻልቲ ፈጥኖ የተነገረው አማርኛ አምልጧቸው ስለ ነበር ወደ እኔ ጠጋ ብለው፥ «ምን አለ?» አሉኝ። ልጆቹ ይቆያሉ አልኳቸው። «ትንንሾቹም?» ብለው አልጠየቁኝም፤ ፊቴን አይተው ያወቁ ይመስለኛል።

ዲኑ ይህ ሁሉ ሲሆን በሩ አጠገብ እንደ ሐውልት ቆመው ነበር። ማለዳ ከቤታቸው ከወጡ ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ዶክተሯ ቦርሳቸውን አንሥተው ወደ መኪናው ሊሄዱ ሲሉ፥ ሰውየው ጣታቸውን እንደ ተማሪ አነሡ።

«አሁን መናገር ይችላሉ» አሏቸው ዶክተሯ።

«ቁርስ ተዘጋጅቷል» አሉ ዲኑ።

ዶክተሯ ባምባሲ እንደሚጠበቁ፥ መንገዱም ጭቃ እንደ ሆነ በጨዋነት ገለጹላቸው።

«ዝምተኛ ቁርስ ነው» አሉ ዲኑ።

ዶክተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ቦርሳቸውን መልሰው አስቀመጡ። ማንጎው ሥር ከዲኑ እናት አጠገብ ተቀምጠው የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ በሉ፤ ሾፌሩም ሞተሩን አጥፍቶ መጣና እጁን ታጠበ። ቁርሱ ግን ዝምተኛ አልነበረም።